በዶዮገና የጾምኩት ረቡዕ

ሰኞ፣ ወደ ሆሳዕና

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ገና ሳይነጋጋ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ነው። ነዳጅ በራሽን ስለሆነ መሥሪያ ቤቴ «ላንድሮቨሩን ሆሳዕና ላይ ትረከባለህ፣ እስከዚያ እንደማንኛውም ሰው ሂድ» ብሎኛል። የቀበሌው የይለፍ ወረቀት በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ዓለም ገና ኬላ ላይ አንድ ወታደር ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ሐኪም ነህ?» አለኝ። ነኝ ስለው ወረቀቱን መልሶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ሰው የሞላበት አውቶቡስ ቆሞ እየጠበቀ የወታደር ጉልበት መረመርኩ። ተሳፋሪው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ «ሲጨርስ የኔንም ወገብ ንገሩልኝ» አሉ።

እንዲህ ያለውን ነገር እወዳለሁ። ሰው የሚወደው ሐኪም መሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሚመጣውን ስለማውቅ ነው።

የተላክሁበት ጉዳይ ይህ ነው። በከምባታና ሐዲያ አውራጃ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ሰዎች መርፌውን ይጀምሩና ሳይጨርሱ ይጠፋሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሹን አይጀምሩትም። ለምን? ጤና ጣቢያዎቹን ዞሬ፣ ሰዎቹን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠይቄ፣ ምክንያቱን ጽፌ እንድመጣ ታዘዝኩ። «አንተ የአገሩ ልጅ ነህ፤ ለሌላው የማይነግሩትን ላንተ ይነግሩሃል» አሉኝ አለቃዬ።

የአገሩ ልጅ መሆኔ እውነት ነው። የተወለድኩት ከዶዮገና ከፍ ብሎ፣ ጉም ከማይለየው የእንሰት ሰፈር ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ሚሲዮኖች ዘንድ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ገብቼ ሕክምና ተማርኩ፤ ከዚያ ጎጃም፣ ባሌ፣ ሐረርጌ እያልኩ ዞርኩ። አብረውኝ የተማሩት አንዱ የልብ፣ አንዱ የዓይን፣ አንዱ የአጥንት ሐኪም ሆነዋል። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ቀረሁ። ተቅማጡም፣ ምጡም፣ የበሬ ርግጫውም፣ ከአማቷ ተጣልታ ራሷን የሚያማት ሙሽራም እኔው ዘንድ ነው የሚመጡት። በዚሁ ሥራ ፀጉሬ ሸበተ።

በነዚህ ዓመታት የራሴ የምላቸውን ልማዶች አበጅቻለሁ። «ምን ያምሃል?» ከማለቴ በፊት «ምን ስትሠራ ከረምክ?» እላለሁ። ምላስ ከማየቴ በፊት መዳፍ አያለሁ፤ ምላስ ይዋሻል፣ መዳፍ አይዋሽም። ከሁሉ ይልቅ የምኮራበት ግን አንድ ሕግ አለኝ፦ ቤቱ የሄድኩበት ሰው ያቀረበልኝን ሳልቀምስ አልወጣም። ዝንብ የረገጠውን ወተት ጠጥቼ አውቃለሁ። ሆዴም የለመደ ሆድ ነው፣ አያሳፍረኝም።

ቡታጅራ ላይ ለቁርስ ወረድን። ሻይና ሁለት ብስኩት በስሙኒ በላሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አቧራ ነው፤ ሆሳዕና ስንደርስ የሁላችንም ቅንድብ ቀልቶ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ሦስት ተሸካሚዎች በአንዲት ሻንጣዬ ተሻሙ፤ ከነሱ መሐል አንድ ረዥም ሰው ገብቶ «ተውት፣ የኔ እንግዳ ነው» ብሎ ነጠቃቸው። ሹፌሬ ሸምሱ ነው። የሆሳዕና ልጅ፣ ከእስላም የሐዲያ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የሚያወራ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ የአውራጃው ጤና ረዳቶች ተሰብስበው ጠበቁኝ። ስለ መርፌው፣ ስለ እንክብሉ ተናገርኩና ወደ ምወደው ነገር ገባሁ። «ሕመምተኛው ቤት ሳትቀምሱ ከወጣችሁ መድኃኒታችሁም አብሯችሁ ይወጣል» አልኳቸው። ጻፉት። ከኋላ ኤርጊቾ የሚባል የዶዮገና ጤና ረዳት እጁን አወጣ። ልብሱ ንጹሕ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

«ዶክተር፣ ሁሉ ቤት ነው?»

«ሁሉ ቤት! በሽታ ቤት ይመርጣል እንዴ?» አልኩት። ሰው ሳቀ። ኤርጊቾ ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ነቅንቆ ተቀመጠ።

ማክሰኞ፣ ሾኔ

በአንጋጫና በዱራሜ አድርገን ሾኔ ወረድን። ደጋው ብርድ ነበር፤ ሾኔ ስንደርስ ኮቴን አወለቅኩ። ገበያ ውሎ ነበርና በርበሬው፣ በቆሎው፣ ዝንጅብሉ መንገዱን ዘግቶታል፤ ሸምሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሁሉንም በስሙ እየጠራ አለፈ።

እዚያ መርፌውን ጀምረው የጠፉ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ በቅሎ ነጋዴ። ቤታቸው ሄድኩ። ያቋረጡበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ሳሉ ሲተዋቸው የዳኑ መሰላቸው። መዳፋቸውን ይዤ ረዥም ጊዜ አወጋን። «የተዳፈነ እሳት ነው እንጂ አልጠፋም» ስላቸው ገባቸው፤ ከነገ ጀምሮ እንደሚመለሱ ቃል ሰጡኝ። በግ አርደው ነበር። እስላም ያረደው ሥጋ ነው፤ በኛ ቤት ይህ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቃል። እኔ አጥንቱን ሳይቀር ጋጥኩት። አዛውንቱ እያዩኝ እንባቸው መጣ።

ስንመለስ ሸምሱ ሳቀብኝ። «ዶክተር፣ ሆድዎ ሃይማኖት የለውም» አለ።

«ሐኪም ነኛ!»

«ይሁን። እኔ እንኳ የናንተን ሥጋ አልበላም። ግን አልበላም እላለሁ እንጂ እበላለሁ ብዬ አላስተምርም።» ቀልዱን ነው ብዬ አለፍኩት። ዱራሜ አድረን በማግስቱ በጠዋት ተነሣን።

ረቡዕ፣ ዶዮገና

ዶዮገና በጉም ውስጥ ነበረች። ኤርጊቾ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ከሆሳዕና ይዤለት የመጣሁት የአክታ ምርመራ ውጤት ነበር፤ ታደለች የምትባል ልጃገረድ ውጤት ነው፣ ሳል ከያዛት ወራት አልፏታል። ውጤቱ የፈራነው ሆነ። የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ወደ ሰፈሯ ለመግባት የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ማግኘት ነበረብን። ሊቀመንበሩ «ጓድ ዶክተር» እያለ ቤቱ አስገባን፤ አባቴን ያውቀው ኖሯል። እርጎ በትልቅ ዋንጫ ቀረበ። እየጠጣሁ በበሩ ወደ ውጭ ሳይ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

«ማን ናት?» አልኩ።

«የታመመችው ልጅ እናት ናት፣ ዘነበች። ቤቷን ልታሳያችሁ ነው የመጣችው።»

«ታዲያ ለምን አትገባም?»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እዚያው ይሻላታል።»

እዚህ ላይ ንግግር አደረግሁ። አብዮቱ ይህን ሁሉ ሽሮታል፣ የሰው ልጅ በእጁ ሥራ አይናቅም፣ ሸክላ ባይኖር በምን ትጠጣ ነበር ጓድ፣ እያልኩ። ጥሩ ንግግር ነበር። ሊቀመንበሩም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ። ሴትዮዋ እዚያው ቆማ ሳለች ዋንጫዬን ሁለተኛ አስሞላሁ።

መኪናው እስከ ሰፈሩ ጫፍ ብቻ ነው የሚሄደው። ሸምሱ አልወርድም አለ። «መኪናዋን ልጠብቅ» አለኝ። ማን ይሰርቃታል ስለው «ልጠብቅ አልኩ እኮ ዶክተር» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔና ኤርጊቾ ዘነበችን ተከትለን ወረድን።

ቤቷ ከሌሎቹ ቤቶች ተነጥሎ፣ ጭቃው ከሚቆፈርበት ቦታ አጠገብ ነው። ደጁ ላይ ገና እሳት ያልገቡ ማሰሮዎችና ጋኖች በእንሰት ቅጠል ተሸፍነዋል። ታደለች ከግድግዳው ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ብቻ የቀራት ልጅ ናት። አጠገቧ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከእናትዮዋ ጋር የተነጋገርነው በከምባትኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው የኔ አማርኛ ነው። የታደለችን መዳፍ አየሁ፣ ጥፍሮቿ ሥር ጭቃ አለ፤ እስክትደክም ድረስ እናቷን ታግዝ ነበር። ደረቷን አዳመጥኩ። ከዚያ እንደማደርገው ሁሉ ቀስ ብዬ አስረዳሁ፦ ሁለት ወር በየቀኑ ጤና ጣቢያ መርፌ፣ ከዚያ ወዲያ እንክብል፣ አንድም ቀን ሳይዘለል።

«ትድናለች?» አለች ዘነበች።

«ትድናለች። ከነገ ጀምራችሁ ኑ እንጂ ትድናለች።»

ዘነበች ቃሌን ሰምታ ወጣች፤ ስትመለስ በሁለት እጇ የሸክላ ጣባ ይዛለች። እኛ ወሳ የምንለው ቆጮ፣ ጎመን በአይብ፣ ላዩ ላይ የቀለጠ ቅቤ። ቅቤ ከየት እንዳመጣች እንጃ፤ በዚያ ቤት ላም አልነበረም። ጣባውን ፊቴ አስቀምጣ፣

«አዲስ ነው» አለች። «ትናንት ነው ከእሳት የወጣው። ማንም አልበላበትም።»

እንዳልቸገር አስባልኛለች። ምን እንደሚቸግረኝ ከኔ ቀድማ ታውቃለች።

ልጅ ሳለሁ ሸክላ ሠሪዎች ወደኛ ቤት ማሰሮ ሲያመጡ አጥር ላይ ይቆሙ ነበር። እናቴ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ላይ አድርጋ ትሰጠኝና እወስድላቸዋለሁ። ቅጠል የሆነበት ምክንያት ሲበሉ እንዲጣል ነው። ከነሱ እጅ የሚበላ ነገር መቀበል ግን ጨርሶ አይታሰብም ነበር። ማንም ተቀምጦ አላስተማረኝም፤ እንደ ቋንቋ ነው የገባብኝ። ይህን ሁሉ የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

እጄ አልተነሣም። በትናንትናው ቀን የእስላም ሥጋ የጋጠ፣ ዝንብ የረገጠውን ወተት የጠጣ እጅ፣ ጉልበቴ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ዘነበች ትጠብቃለች፤ ልጅቷም ታየኛለች።

«ረቡዕ ነው» አልኩ። «ጾም ነኝ።»

አፌ ነው የተናገረው፤ እኔ እንኳ የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ በኛ ቤት ረቡዕ ተጹሞ አያውቅም። ወደ ኤርጊቾ ዞርኩ። እሱም የጴንጤ ልጅ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔም» አለ። ሰኞ ዕለት ያስተማርኩትን ሳይሆን ረቡዕ ያሳየሁትን ተማረ።

ዘነበች አላመነታችም። ከደጅ አንድ ቅጠል ቆርጣ ጣባውን ሸፈነችው። «ጾማችሁን እግዜር ይቀበል» አለች።

መኪናው ጋ ስንደርስ ሸምሱ ፊቴን አየት አድርጎ፣ «ዶክተር፣ ጢምዎ ላይ እርጎ ደርቋል» አለኝ።

የዚያን ዕለት ምሽት

እናቴ ዘንድ ነው ያደርኩት። መንግሥት ቤተ ክርስቲያኗን ካሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ ከጎረቤቶቿ ጋር ቤቷ ውስጥ በሹክሹክታ ትዘምራለች፤ አርጅታለች፣ ግን ወሬ አያመልጣትም። ገና ከአጥሩ ሳልዘልቅ በማሰሮ ውኃ ይዛ ወጣች።

«ከመግባትህ በፊት ታጠብ።»

«ለምን?»

«ሸክላ ሠሪዎቹ ቤት ገብተህ ነበር አሉ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሊቀመንበሩን ያዳረስኩትን ንግግር እሷንም ባዳረስኳት። ዛሬ ከየት አምጥቼ? እጄን ዘረጋሁ። ውኃውን የምታፈስበት ማሰሮ የነዘነበች ሥራ ነው፤ ቡናውም፣ ወጡም፣ ጠላ በማይጠጣበት ቤታችን ውኃውም ከነሱ ሸክላ ነው የሚወጣው። ስታፈስልኝ ጠየቀችኝ።

«በላህ?»

«አልበላሁም።»

ፊቷ በራ። እርጥብ እጄን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «እኔም ብያለሁ» አለች። «ስንት አገር ቢዞር ልጄ አይለወጥም ብያለሁ። ተባረክ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው መርቆኛል። እንደዚያ ምርቃት ግን ቆዳዬን ያቃጠለኝ የለም።

ሐሙስ

ጤና ጣቢያው ውስጥ ከጠዋት ጀምሬ ሕመምተኛ አየሁ። ዓይኔ ግን ከበሩ ላይ አልተነሣም። ታደለች አልመጣችም። ኤርጊቾ መርፌውን ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና ቀቀለው። «ሩቅ ነው፣ አርፍደው ይሆናል» ይላል። ሁለታችንም ስለ ትናንቱ አልተነጋገርንም።

ቀትር ላይ በመስኮቱ ዘነበችን አየኋት። ማሰሮዎች በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ገበያ ትሄዳለች፤ ብቻዋን ናት። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ወጥቼ ብጠራት ትሰማኝ ነበር። ወንበሬ ላይ ሕፃን ተቀምጦ ጆሮውን እያየሁለት ነበር፤ ለራሴ «ይህን ልጨርስና» አልኩ። ጨርሼ ስወጣ የለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ጆሮ ማየት ያን ያህል ጊዜ አይወስድም።

ከሰዓት በኋላ ምክንያት ስደረድር ዋልኩ። ድህነት ነው፣ ርቀት ነው፣ አለማወቅ ነው። ለሪፖርቴ የተዘጋጁ ምክንያቶች ናቸው፤ ሁሉም የሷ ጥፋት እንጂ የኔ አይደሉም።

ዓርብ

በጠዋት ወደ ሆሳዕና መነሣት ነበረብን፤ ቅዳሜ አውቶቡሴ አለ። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ሸምሱ ሞተሩን አስነሣ። ወደ ዋናው መንገድ ልንወጣ ስንል፣

«ወደዚያኛው ታጠፍ» አልኩት።

«ወደ ሸክላዎቹ?»

«ወደ ሸክላዎቹ።»

መሪውን አጠፈው።

ብቻዬን ወረድኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባላል፤ እኔ ግን መመለስ ነበረብኝ። ዘነበች ደጅ ላይ ጭቃ ታቦካ ነበር። ስታየኝ ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ታደለች እዚያው ግድግዳዋን ተደግፋለች። ከፊቷ በቅጠል ላይ ማር አለ፤ አጠገቡ የተጠበሰ ሥጋ። በጣቷ ማሩን ትልሳለች።

«የማሰሮው ገንዘብ ነው» አለች እናቷ ዓይኔን አይታ። «ያማራትን ትብላ ብዬ።»

በሥራዬ ይህን ቃል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሰው ያማረውን እንዲበላ የሚደረገው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ደጅ ይዣት ወጣሁ።

«ለምን አልመጣችሁም? ትድናለች ብዬሽ የለም?»

«ብለዋል፤ አይቆጡኝ። ፊት ለፊት አትድንም ማለት ከብዶዎት ነው። ደግ ሰው ነዎት፣ ገብቶኛል።»

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ሊቀመንበሩ ቤት እርጎ ሲጠጡ አይቻለሁ» አለች። «ጾም እንዳልነበሩ አውቄያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያው የተለመደው ነው ብዬ እተወው ነበር። እርስዎ ግን ቤታችን ገቡ፤ መደባችን ላይ ተቀመጡ፤ ልጄን በእጅዎ ይዘው ደረቷን ሰሙ። የሚጸየፍ ሰው እንዲህ አያደርግም። እንግዲያ የፈሩት በሽታውን ነው አልኩ። ሐኪም የፈራውን በሽታ ምን መርፌ ያድነዋል? በየቀኑ ከምትወጋ፣ ከምትደክም፣ እዚሁ እኔ ዘንድ...» አልጨረሰችውም።

እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህች ሴት ስለኔ መልካሙን አስባ፣ በዚያ መልካም ሐሳብ ልጇን ልትቀብር ነው። ሌላ ውሸት አፌ ላይ መጣ፤ ሆዴን አሞኝ ነበር ልል። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የመጀመሪያውንም ውሸቴን አይታዋለች፤ ሁለተኛውንም መዝና የልጅቷን ነገር በሱ ትወስናለች። ወይ እኔ ደግ ሰው ሆኜ እቀራለሁ፣ ወይ ታደለች ትተርፋለች። ሁለቱ አብረው አልሄድ አሉ።

«ዘነበች» አልኳት። «በሽታውን አልፈራሁም። በሽታው በጣባ አይተላለፍም፤ እንዲያ ያለውን በሽተኛ ስንቱን አይቻለሁ። ልጅሽ መድኃኒቱን ከወሰደች ትድናለች።»

«ታዲያ?»

«እናንተን ነው። ጣባው ካንቺ እጅ ስለመጣ ነው። ልጅ ሆኜ የለመድኩት... ተጸየፍኩ።»

ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ለራሴም። ዓይኗን ማየት አቃተኝና እጇን አየሁ፤ ጭቃው መዳፏ ላይ እየደረቀ ይሰነጣጠቅ ነበር።

«እሱን ነው?» አለች።

«እሱን ነው።»

ከደረቷ ረዥም ትንፋሽ ወጣ። ቀና ስል ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው ነበረች።

«እሱንማ ለምደነዋል» አለች። «እንግዲያ ልጄ ትድናለች ማለት ነው!»

መልሴንም አልጠበቀችም፤ ወደ ውስጥ ሮጣ ታደለችን በጋቢ ትጠቀልል ጀመር። ብትሰድበኝ፣ ጭቃውን ፊቴ ላይ ብትለጥፈው ይሻለኝ ነበር። የኔ ትልቁ ነውር ለሷ የምሥራች ሆነ።

ልጅቷን አዝዬ ወጣሁ፤ እንደ ባዶ ቅርጫት ቀላል ናት። ሸምሱ ሲያየን ወርዶ ከኋላው ወንበር ላይ ማዳበሪያ ሊያነጥፍ ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ማዳበሪያውን አጥፎ መልሶ አስቀመጠው፤ የፊት በሩን ከፈተላት። እኔና ዘነበች ከኋላ ተቀመጥን።

ኤርጊቾ መርፌውን ወጋት። ወደ ቤታቸው ተመላልሰው እንዳይደክሙ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለችው የእንጨት ቤት ሁለቱን ወር እንዲቆዩ ተስማማን። ዘነበች ሁሉንም በጥሞና ሰማች፣ ደጋግማ ጠየቀች፤ ኤርጊቾንም እኔንም መረቀች።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ከልጇ ጋር ተቀመጠች። ቀትር ሆኗል፤ እኔም ርቦኝ ነበር። ከጉያዋ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አወጣች። ቆረሰች፣ ለታደለች ሰጠች፣ ለራሷም ቆረሰች። እኔ ከነሱ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ ቆሜ ነበር። ይህ አገር ነው፤ መንገደኛ እንኳ ቢያልፍ የሚበላ ሰው «እንብላ» ይላል። ጠላት ቢያልፍም ይባላል። ዘነበች ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች፤ እንብላ ግን አላለችኝም።

በቂም አይደለም። ፈገግታዋን አይቻለሁ፤ ቂም አልነበረበትም። እንዳልቸገር ነው። ያን ዕለት አዲስ ጣባ አምጥታ ልታቀልልኝ እንደሞከረችው፣ ዛሬም ባለመጋበዝ አቀለለችልኝ። ራሴ «አቅምሺኝ» ልል ፈለግሁ። እንደ ንስሐ አድርጌ ከእጇ ላይ መብላት፣ ጸጸቴን በሷ ቆጮ ማወራረድ መስሎ ታየኝና አፈርኩ። እናቴ የቋጠረችልኝ ስንቅ መኪናው ውስጥ ነበር። እሱንም አልበላሁትም። ሆሳዕና እስክንደርስ ሸምሱ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«ዶክተር፣ ዛሬም ጾም ነዎት?»

«ዛሬ አዎ» አልኩት።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ረፋዱ ላይ ተነሥቶ ጀምበር ሳትጠልቅ ገባን። ዓለም ገና ኬላ ላይ ያ ወታደር ነበር፤ ጉልበቱ ተሽሎታል። እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ሰኞ ቢሆን ኖሮ ይህን እስከ ቤቴ ድረስ እያሰብኩ እደሰትበት ነበር።

ሪፖርቴን በማግስቱ ጻፍኩ። ሕመምተኞች መድኃኒቱን የሚያቋርጡት በርቀት፣ በድህነት፣ ሳል ሲተዋቸው የዳኑ ስለሚመስላቸው ነው ብያለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። ሸክላ ሠሪዎቹን በሚመለከት «የቆየ ልማድ እንቅፋት ይሆናል» የሚል አንድ መስመር አስገባሁ። የማን ልማድ እንደሆነ አልጻፍኩም። እዚህ የጻፍኩት እዚያ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ከጉዞው ምን ተማርክ ቢሉኝ ትልቅ ነገር የለኝም። ሕመምተኛ ሐኪሙ የሚናገረውን ብቻ አይሰማም፤ እጁንም ያያል፤ እኔ የነሱን መዳፍ ሳይ እነሱም የኔን ያያሉ። ሰኞ ዕለት የጤና ረዳቶቹን ሳስተምር ይህን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ኤርጊቾ «ሁሉ ቤት ነው?» ብሎ የጠየቀኝም ለማወቅ እንጂ ለመፈታተን አልነበረም፤ ጥያቄው ከኔ መልስ የተሻለ ነበር።

ቅዳሜ ምሽት ቤቴ ስገባ ራት ቀርቦ ነበር። ልጆቼ ከበውታል። ባለቤቴ ወጡን ከሸክላ ድስቱ እየጨለፈች አወጣች፤ ድስቱ ከየት እንደተገዛ፣ የማን እጅ እንደሠራው በሃያ ዓመት ትዳር አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እጄን ታጥቤ ቀረብኩ፤ ግን አልቆረስኩም።

«እንብላ እንጂ» አለች ባለቤቴ። «ምን ትጠብቃለህ?»

የዘነበችን «እንብላ» እየጠበቅሁ እንደሆነ እንዴት ልንገራት?